የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ፦ በአግድም ወይስ ቁም በቁም? ብረት ወይስ ስታንለስ? (ሀዋሳ)

የሚጡ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ሠርተን ታቹን አከራይተን ላይ ገብተናል። "ገብተናል" ስል እንደ አገራችን ልማድ ነው፣ ቤቱ ገና አላለቀም። ደረጃው ከውጭ ነው። 9 ደረጃ፣ ከዚያ ማረፊያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ 9። ሴራሚክ ተነጥፎለታል። ላይ ሲደርሱ 6 ሜትር ገደማ የሚሆን በረንዳ አለ። መደገፊያ ግን ደረጃውም የለው፣ በረንዳውም የለው። ስምንት ወር ሙሉ በረንዳው ጫፍ ላይ አንዲት የልብስ ገመድ ወጥረን ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ደግፈንባት ነው የኖርነው። አትሳቁ። (እሺ ትንሽ ሳቁ።)

አሁን ግን መቀለድ አልተቻለም። እናቴ ከይርጋለም መጥታ ከእኛ ጋር ልትኖር ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው የሚከብዳት። በዚያ ላይ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉኝ። ትንሿ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ካልወጣሁ ባይ ናት።

ሦስት በያጅ አመጣሁ። አንዱ "ፋሽኑ በአግድም የሚሄድ ስታንለስ ነው" ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ፣ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሁለተኛው "ስታንለስ ገንዘብ መበተን ነው፣ በቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቁም በቁም ሠርቼ ቀለም ልቀባልሽ" አለ። ሦስተኛው ሜትር እንኳ ሳያወጣ በዓይኑ አይቶ ዋጋ ጠራና "ዛሬ ከወሰንሽ እቀንሳለሁ" ሲለኝ በሰላም ሸኘሁት። ባለቤቴ ደግሞ ከሐይቁ የሚመጣው ጨዋማ አየር ብረት ስለሚበላ ስታንለስ ይሁን ይላል።

የምታውቁ ንገሩኝ። ክረምቱ ሳይገባ ማሠራት እፈልጋለሁ።

ኤሌክትሮድ

እህቴ፣ 14 ዓመት በያጅ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ። ሦስተኛውን መሸኘትሽ ትክክል ነው። ደረጃ ሳይለካ ዋጋ የሚናገር ሰው የሚያጎድለውን አስቀድሞ አስቦ ነው የመጣው።

በመጀመሪያ የባለቤትሽን ነገር ልጨርስ። የሀዋሳ ሐይቅ ጨው አይደለም። ቀረሶና አምባዛ የሚወጣበት ጣፋጭ ውሃ ነው፣ እንደ ሻላና እንደ አቢያታ አይደለም። እዚህ ከተማ የመደገፊያ ብረት ሲበሰብስ ብዙ አይቻለሁ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚበሰብሰው እግሩ ላይ ነው፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ለምን? በረንዳችን በየቀኑ በሳሙና ውሃ ይታጠባላ! ውሃው ቋሚው ሥር ይተኛል። ሌላው ደግሞ ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ካልተበየደ ዝናብ ገብቶ ውስጡ ይቀራል፣ ከዚያ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። አንቺ የምታዪው ቀለሙ ሲያብጥ ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ አልቋል።

ስለዚህ በያጁን እንዲህ በይው። የቱቦው ጫፍ ሁሉ በላሜራ ይዘጋ፣ ብየዳው ዙሪያውን ይሁን፣ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ በስቱኮ አይሸፍነው። አንቲረስት ከመተከሉ በፊት ይቀባ፣ ከፕሌቱ (ቋሚው ሥር ከሚበየደው ጠፍጣፋ ብረት) በታች ያለውም ፊት ጭምር። እሱን ማንም አይቀባውም፣ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ከተበየደ በኋላ የተቃጠለው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ እንደገና አንቲረስት፣ ከዚያ ነው ቀለሙ።

ውፍረት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይታለላል። 40 በ40 ቱቦላሬ ባለ 1.5 ሚሊ ብለው ባለ 1.2 ይሰጡሻል፣ በዓይን አይለይም። ሚዛን ላይ አውጪው። አንድ ቤርጋ 6 ሜትር ነው። ባለ 1.5 ሚሊው 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 1.2ቱ 9 ኪሎ አይሞላም፣ ባለ 2 ሚሊው ከ14 ያልፋል። ለቋሚዎቹ ባለ 2 ውሰጂ፣ ለመሃል ዘንጎቹ 1.5 ይበቃል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሠራም።

ስታንለስ መጥፎ አይደለም። ግን ስታንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ገበያ ላይ 201 እና 304 የሚባሉ አሉ። 304 ውስጡ 18 ከመቶ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ኒኬል አለው፣ ከውጭ ዝናብ ቢመታውም ይችላል። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከውጭ ሲቀመጥ ቡኒ ነጠብጣብ ያወጣል። "ማግኔት ካልያዘው ኦሪጅናል ነው" የሚሉሽን አትስሚ። 201ንም ማግኔት እምብዛም አይዘውም። ደግሞ ተራ ብረት ሲቆርጥ በዋለበት ዲስክ ስታንለሱን የሚቆርጥ በያጅ ካለ 304ም ቢሆን ይዝጋል፣ የብረቱ ብናኝ ላዩ ላይ ይቀራላ።

የፒያሳው

ወገን፣ ዘመኑ የአግድም ነው። ቁም በቁም እኮ እስር ቤት ይመስላል። አጎቴ ቤት በአግድም ስታንለስ ተሠርቶ ሰርግ ላይ የመጣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳበት ነበር። ወይ ደግሞ መስታወት አድርጊ፣ ሐይቁም ይታይሻል።

ኤሌክትሮድ

@የፒያሳው መስታወቱን ማን ሊወለውልልህ ነው? አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) አንዴ ጣራው ጫፍ ላይ ካረፈ በኋላ ምን እንደሚጥል ሐይቁ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ሰው ጠይቅ።

ቱምቢ

የሚጡ እናት፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አግድምና ቁም የሚለውን ክርክር በውበት አትጨርሺው፣ በልጅሽ ጨርሺው።

በአግድም የተሠራ መደገፊያ ለ2 ዓመት ልጅ መሰላል ነው። ሌላ ስም የለውም። ይሄ እኔ የፈጠርኩት ስጋት አይደለም፣ የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ሊኖሩበት በሚችል ቤት መከለያው በቀላሉ የሚወጣበት እንዳይሆን ይላል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ አግድሙን አይከለክልም፣ ስለዚህ የፒያሳው ፎቶ ላይ ያያቸው ቤቶች ሕገወጥ አይደሉም። ግን አንቺ ያልሽን ልጅ አለችሽ። ቁም በቁም አድርጊ። እስር ቤት እንዳይመስል ዘንጎቹን ቀጠን፣ ቀለሙን ፈዘዝ ማድረግ ይቻላል።

በዘንጎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲም አይብለጥ። 10 ሳንቲም የተባለው የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው። ገላው ያልፍና ጭንቅላቱ ከቀረ ነው አደጋው። በያጁ "12 ሳንቲም ምን አላት" ይልሻል፣ ምክንያቱም በየሜትሩ ዘንግ ይቀንስለታል። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። ከቋሚ እስከ ቋሚ ውስጡ 150 ሳንቲም ከሆነና ዘንጉ 2 ሳንቲም ውፍረት ካለው 12 ዘንግ ይገባል፣ 13 ክፍተት ይወጣል፣ እያንዳንዱ 9 ሳንቲም ከ7 ሚሊ ገደማ። 11 ዘንግ ካደረገ ከ10 ያልፋል። ደረጃው ላይ፣ በታችኛው አግዳሚና በመርገጫው መሃል ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ይቀራል፣ እሱ 15 ሳንቲም ስፋት ያለው ኳስ ማሳለፍ የለበትም።

ቁመት። ደረጃው ላይ መጨበጫው ከመርገጫው አፍንጫ (ከፊት ጠርዙ) ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲለካ ከ86 እስከ 96 ሳንቲም ይሁን። የበረንዳው ሌላ ነው። የአሜሪካ ኮድ ለመኖሪያ ቤት ቢያንስ 91 ይላል፣ እንግሊዞች ለበረንዳ 110 ይላሉ። አንደኛ ፎቅ ነው፣ ልጆች አሉ፣ ፕላስቲክ ወንበርም አለ (እሱን ከዚያ አንሺው!)፣ ስለዚህ 110 አድርጊው። የሚለካው ደግሞ ከሴራሚኩ በላይ ነው እንጂ ከሊሾው (ከሴራሚኩ ሥር ካለው የሲሚንቶ ልስን) አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማንም የማይጠይቀው። በምን ታሰረ? አሜሪካኖቹ መጨበጫው የትኛውም ነጥብ ላይ 90 ኪሎ ገደማ ግፊት እንዲችል ይፈልጋሉ። 90 ኪሎ አንድ ወፈር ያለ ሰው ሲደገፍ ማለት ነው፣ ብዙ አይደለም። ግን ቋሚው 1 ሜትር ነው፣ ሥሩ ያለው ብሎን ደግሞ ከፕሌቱ ማዶ ጠርዝ 10 ሳንቲም ቢርቅ ነው። 1 ሜትር ለ10 ሳንቲም አሥር እጥፍ ነው። ብሎኖቹን ወደ ላይ የሚነቅላቸው ኃይል 900 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፣ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 450። ሰው የሚደገፈው ላይ ነው፣ የሚነቀለው ታች ነው።

አንቺ ቤት ደግሞ ሴራሚክ ተነጥፏል። ከላይ ሴራሚክ፣ ከሥሩ ማጣበቂያ፣ ከሥሩ ሊሾ፣ ሲደመር በቀላሉ 5 ወይም 6 ሳንቲም ይሆናል። 8 ሳንቲም ብሎን ካስገባ አርማታው ውስጥ የገባው 2 ወይም 3 ሳንቲም ብቻ ነው። ያ ብሎን የያዘው ሊሾ ነው፣ ሊሾ ደግሞ ምንም አይዝም። አርማታው ውስጥ ብቻ 8 ወይም 10 ሳንቲም እንዲገባ አስደርጊ። ቀዳዳው ከአርማታው ጠርዝ በጣም ከቀረበም ጠርዙ ይፈነዳል። ብሎኬት ላይ በፊሸር (በፕላስቲክ ቡሽ) የታሰረ ነገር ካለ ደግሞ እንደሌለ ቁጠሪው።

የሚሻለው ምን መሰለሽ፣ በጎን ማሰር ነው። ፕሌቱ የሶሌታው (የአርማታው ወለል) ጎን ፊት ላይ ይቀመጣል፣ ቋሚው ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ሴራሚኩ አይበሳም፣ የእጥበቱ ውሃ እግሩ ሥር አይተኛም፣ ደረጃውም አይጠብም። ኤሌክትሮድ ያለው የእግር መበስበስም ይቀራል።

ገና ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፕሌት ከፌሮው ጋር በይዳችሁ ቅበሩ። ያኔ የሚወጣው ትንሽ ነው፣ በኋላ ግን ይሄን ሁሉ ያስቀራል። ፎርማናችሁ "በኋላ በድሪል ይሆናል" ቢላችሁ እሱ በኋላ የለም።

የጋሼ ልጅ

ሁሉም ስለ ብረቱ አወራ፣ እኔ ስለ እጅ ልናገር።

አባቴ ባለፈው ዓመት ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። መደገፊያ ነበረው! አዲስ፣ ብዙ ብር የወጣበት። ግን መጨበጫው 80 በ40 ቱቦላሬ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጠረጴዛ ጫፍ። ሰው እጁን ያሳርፍበታል እንጂ አይጨብጠውም። አባቴ ሲንሸራተት እጁ ላዩ ላይ ተንሸራተተ፣ የሚይዘው ነገር አጣ። በኋላ ሠሪውን ስጠይቀው "የተከበረ መስሎ እንዲታይ ነው" አለኝ። ምን ይባላል።

ሁለተኛው ጥፋት፣ መጨበጫው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሳይደርስ ነበር የቆመው። ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። እጁ መጨበጫው ማለቁን ሲነግረው ደረጃውም ያለቀ መሰለው። አንድ ደረጃ ግን ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ክብ አድርጊው። አውራ ጣትሽና ሌሎቹ ጣቶችሽ ዙረው ሊነካኩ የሚደርሱበት፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ውፍረት። ከታች ከመጀመሪያው ደረጃ በፊት ቢያንስ 30 ሳንቲም ቀድሞ ይጀምር፣ ከላይም 30 ሳንቲም አልፎ ይሂድ፣ ጫፉ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ታች ይታጠፍ (የነጠላ ጫፍና የቦርሳ ማንጠልጠያ የሚይዘው ያልታጠፈው ጫፍ ነው)። መሃል ላይ አይቆረጥ። ማረፊያው ላይም ዞሮ ይቀጥል። መብራት በጠፋ ቁጥር እናትሽን የሚመራት እሱ ነው እንጂ የስልክ ባትሪ አይደለም። ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ መደገፊያ በሌላው ይዛ፣ ነጠላዋን በምኗ ትይዛለች?

እና በሁለቱም በኩል ይሁን። ግድግዳው በኩልም። ሰው ሲወርድ ጠንካራው እጁ ያለበትን ጎን ነው የሚፈልገው፣ ሲወጣ ደግሞ ያው እጅ በማዶ በኩል ይሆናል። ግድግዳው ላይ ሲታሰር ከግድግዳው 4 ወይም 5 ሳንቲም ይራቅ፣ አለዚያ ጣት ይላላጣል።

ቱምቢ

@የጋሼ ልጅ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልን። የጻፍከው ከእኔ ሒሳብ ይበልጣል። አንድ ልጨምር፣ የግድግዳው መጨበጫ የሚታሰርበት ክንድ ከሥር ይምጣ፣ ከጎን አይምጣ። ከጎን ከመጣ እጅ በሄደ ቁጥር እየለቀቀ መያዝ ይኖርበታል።

ከአዳማ

እኔም በዚሁ ልግባ። እኛ ጋ አዳማ የምንቸገረው በዝናብ አይደለም፣ በፀሐይ ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ የብረት መጨበጫ አይነካም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ነው የምትይዘው። አንድ አናጢ መጨበጫውን በዋንዛ አለበሰልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። እንጨት አይሆንም ማለት ነው?

ኤሌክትሮድ

@ከአዳማ ወንድሜ፣ ዋንዛ የቤት ውስጥ እንጨት ነው፣ አልጋና ቁም ሣጥን ነው ሥራው። ከውጭ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል። ከውጭ ካማረህ ፅድ ይሻላል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ግን የደረቀ እንጨት ይሁን፣ በየዓመቱ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባ፣ ብረቱ ላይ የታሰረበት ብሎን ከሥር ይግባ። ከላይ ከገባ ቀዳዳው ውሃ ይዞ ይበሰብሳል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ካልተመቸህ ደግሞ ብረቱን ነጣ ያለ ቀለም ቀባው፣ ጥቁር ነው የሚያቃጥልህ። ሁሉም ሰው ጥቁር ካልሆነ ይላል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የሚጡ እናት

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! ከሦስቱ በያጆች በሦስት ቀን ያልሰማሁትን እዚህ በአንድ ማታ ሰማሁ። የጋሼ ልጅ ያንተን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፣ "እሱ ልጅ ተባረክ በይልኝ" ብላለች።

ባለቤቴ ስለ ሐይቁ የተጻፈውን አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ "ለማንኛውም ስታንለስ ያምራል" አለ። በረንዳውን ቁም በቁም በቱቦላሬ፣ መጨበጫውን ብቻ ክብ ስታንለስ እናድርግ ወይ? ሁለቱ ይበየዳሉ? እና በያጁ በሜትር ነው የሚያስከፍለው፣ ደረጃውን በምን እንለካው? እሱ ያለው 8 ሜትር ነው፣ እኔ መሬት ላይ ስለካ አልሞላልኝም። የክፍያውንም ነገር ንገሩኝ፣ ግማሹን አስቀድመሽ ስጪ ብሎኛል።

ኤሌክትሮድ

አንቺም ልክ ነሽ፣ እሱም ልክ ነው። ደረጃ የሚለካው በተዳፋቱ ነው እንጂ መሬት ላይ አይደለም። ቀላል ዘዴ ልስጥሽ። ከአንዱ መርገጫ አፍንጫ እስከ ቀጣዩ አፍንጫ በሰያፍ ለኪ። ከፍታው 17፣ መርገጫው 28 ከሆነ 33 ሳንቲም ገደማ ይመጣልሻል። 9 ደረጃ 8 ክፍተት አለው፣ 8 ጊዜ 33፣ 2 ሜትር ከ64። ሁለቱ ክንፍ ሲደመር 5 ሜትር ከ28። ማረፊያው ላይ የሚዞረውን፣ ከላይና ከታች የሚያልፈውን 30፣ 30 ሳንቲም ጨምሪ። ማረፊያሽ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 7 ሜትር ከምናምን ነው። 8 ብሎ ካጠጋጋ ሌባ አይደለም፣ ግን የሚከፈለው ተተክሎ ከተለካ በኋላ ነው በይው።

ስታንለስና ብረት ይበየዳሉ፣ ግን ለዚያ የሚሆን ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ያስፈልጋል፣ በተራው ከበየደው መገናኛው ይዝጋል። በሚገባ የሚበይድ ካላገኘሽ በብሎን ይታሰር፣ መሃሉ ላስቲክ ይግባ። ሁለቱ ሲነካኩና ውሃ ሲያገኛቸው የሚበላው ብረቱ ነው። እኔ ብሆን ሁሉንም በብረት እሠራና የተረፈውን ገንዘብ ግድግዳው ላይ ለሚሆነው ለሁለተኛው መጨበጫ አውለዋለሁ። እናትሽን የሚይዛት እሱ ነው።

ስለ ክፍያ። ቱቦላሬውን ራስሽ ግዢ፣ ራስሽ መዝኚ፣ ለእሱ የእጅ ዋጋ ብቻ ይሁን። ሥራ ሲጀምር ትንሽ፣ ብረቱ ሲቆም ትንሽ፣ የመጨረሻው ከቀለም በኋላ። ከመክፈልሽ በፊት ባለቤትሽ እያንዳንዱን ቋሚ ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ይነቅንቀው። የሚጮህ ወይም የሚንቀሳቀስ ካለ አትክፈዪ። እኔ በያጅ ሆኜ ይሄን ስናገር የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ።

ሌላ፣ ግራይንደር ሲሠራ ሴራሚኩንና የመስኮት መስታወቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። ብልጭታው የብረት ብናኝ ነው፣ መስታወት ላይ ተቃጥሎ ይጣበቃል፣ ሴራሚኩ ላይ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ቡኒ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ገላቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ ልጠቀም ካለሽም ልጆቹን አርቂ። ዚንኩ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ማታ ያንቀጠቅጣል። በያጆች ወተት እንጠጣለን፣ ልማድ ነው እንጂ ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። የሚያስፈልገው ነፋስና ማስክ ነው።

የጋሼ ልጅ

ቁመቱን ከመወሰንሽ በፊት እናትሽ ትምጣና ትሞክረው። ሁለት ሰው የመጥረጊያ እንጨት በ86፣ ከዚያ በ90፣ ከዚያ በ95 ሳንቲም ላይ ከደረጃው ጋር አዘንብሎ ይያዝላት፣ እሷ ትውረድ። የሚመቻትን ራሷ ትነግራችኋለች። አጭር ሴት ከሆነች 96 ትከሻዋን ያነሳባታል። እና የጤና ባለሙያው ለአባቴ ያስተማረው፣ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የሚያመው ይቅደም።

የፒያሳው

እሺ ተሸነፍኩ። አጎቴ ጋ ደውዬ በአግድሙ ላይ ውስጥ በኩል የሆነ ነገር እንዲያስገጥም ነግሬዋለሁ፣ የልጅ ልጅ ሊመጣለት ነው። "የሰርጉን ፎቶ ረሳኸው ወይ" አለኝ።

የሚጡ እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ይሄን አንብቦ የሚሄድ ሰው ቢጠቀምበት ብዬ ነው።

ሁለተኛውን በያጅ ነው የያዝነው። ቱቦላሬውን ራሴ ገዛሁ። ሻጩ ሚዛን ላይ አውጣው ስለው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ፣ ከመጋዘን ሌላ አወጣልኝ። ደረጃውን ሁሉ በጎን አሰርነው። በረንዳው ላይ ግን የሶሌታው ጎን ከሥሩ የተከራዮቹ መስኮት ስላለ ሁለት ቋሚ ከላይ መትከል ግድ ሆነ። እዚያ ነው ጣጣው የመጣው። ሲበሳ ሁለት ሴራሚክ ተሰነጠቀ፣ አንደኛው ብሎን ደግሞ ሲጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል። በያጁ "ይይዛል፣ ይይዛል" ይላል። ቱምቢ ያለው ትዝ አለኝና በሽቦ ቀዳዳውን ለካሁት፣ 7 ሳንቲም! ሊሾው ብቻ 5 ነበር። ተከራከርን። በመጨረሻ ረጅም ድሪል ተዋሰ፣ ጠልቆ በሳ፣ አቧራውን በብስክሌት ፓምፕ አወጣና በኬሚካል ማጣበቂያ አሰረው። አቧራው ካልወጣ ኬሚካሉ አይዝም ያለው ራሱ ነው፣ ስለዚህ የሚያውቀውን ያውቃል፣ ካልጠየቅሽው ነው የማያደርገው። በነጋታው ባለቤቴ ነቀነቀው፣ እኔም ነቀነቅኩት፣ ሚጡም ነቀነቀችው።

እናቴ በመጥረጊያው እንጨት ስትሞክር 88 ላይ "እዚህ ጋ" አለች። 88 ሆነ። ግድግዳው በኩል ያለውን ነው አብዝታ የምትይዘው፣ ስትወርድ ሁለቱንም። መጀመሪያ ቀን ታች ደርሳ ተመልሳ ወጣች፣ ምን ፈልገሽ ነው ስላት "ልየው ብዬ" አለች።

ሚጡ ዘንጎቹን ይዛ ፊቷን አጣብቃ ሰው ትጠራለች፣ ላይ መውጣት ግን አልቻለችም፣ በዚህ ተናዳለች። ትናንት ጠዋት ደግሞ ጦጣ መጥታ መጨበጫው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፣ ከእኛ ሁሉ ቀድማ ነው የለመደችው።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ሁለተኛው ዙር ይቀረዋል፣ የመጨረሻውን ክፍያም ይዤዋለሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኛል። እስከዚያ እናቴ ጋቢዋን አስጥታበታለች፣ የልብስ ገመዷን ስለፈታናት።

ኤሌክትሮድ

ቅዳሜ ዝናብ ካለ አትቀቢ። ጋቢውንም አንሺው፣ ቀለም ከነካው ከልብስ አይለቅም።

የሚጡ እናት

@ኤሌክትሮድ ዘግይተሃል። ነክቶታል። እስካሁን አልነገርኳትም።